ለክሬዲት ካርድ ዕዳ ደመወዝ ሲቆረጥ፦ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በዋናነት የተጻፈው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖሩ ነው። ቴክሳስና ሚኒሶታም በየቦታቸው ተነስተዋል። የዶላር ልኮቹ የተሰሉት በ2025 መጨረሻ በነበረው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ነው። ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ ዳላስ ያለ ዘመድዎ የነገረዎት ነገር ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ ዘመድዎ ዋሽቶ ሳይሆን የሚኖርበት አገር ሕግ ሌላ ስለሆነ ነው።

የካርዱ ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ደመወዜን ሊቆርጥ ይችላል?

አይችልም። መጀመሪያ ክስ ይመሠርታል፣ መጥሪያ ያደርስዎታል፣ ይፈረድለታል። ከዚያ በኋላ ነው የአፈጻጸም ትእዛዝ አውጥቶ ለአሠሪዎ የሚልከው። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል፤ በየደረጃውም እርስዎ መናገር የሚችሉበት ቦታ አለ።

«ያለ ፍርድ ቤት ይቆረጣል» የሚለው ወሬ የሚመጣው ከሌላ ዓይነት ዕዳ ነው። የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት ላልተከፈለ ግብር፣ የትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ ላልተከፈለ የፌዴራል የተማሪ ብድር፣ ያለ ፍርድ ቤት ደመወዝ ማስቆረጥ ይችላሉ። የልጅ ማሳደጊያም የራሱ መንገድ አለው። ጎረቤትዎ «ድንገት ቼኬ ላይ ተቆረጠ» ካሉዎት ዕዳው ምን እንደነበረ ይጠይቋቸው፤ ብዙውን ጊዜ ካርድ አይደለም።

ታዲያ መከሰሴን ሳላውቅ እንዴት ተቆረጠብኝ?

በሌሉበት ተፈርዶብዎት ነው። ይህ የተለመደ እንጂ ብርቅ አይደለም፤ ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2020 ባወጣው ዘገባ መረጃ በተገኘባቸው ቦታዎች ከዕዳ ክሶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚያበቁት ተከሳሹ ሳይቀርብ በሚሰጥ ፍርድ መሆኑን አስፍሯል። ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወር፣ አፓርታማ ከሌሎች ጋር የሚጋራ፣ ደብዳቤውን በዘመድ አድራሻ የሚቀበል ሰው ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፖስታውን አይቶታል፤ ማስታወቂያ መስሎት ወይም መክፈት ፈርቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል።

አሁን የሚደረገው ይህ ነው። ከደመወዝ ክፍል የትእዛዙን ቅጂ ይውሰዱ። በላዩ ላይ የፍርድ ቤቱ ስምና የመዝገብ ቁጥሩ አለ። በዚያው ሳምንት ወደ ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄደው መዝገቡ እንዲታይልዎ ይጠይቁ፤ የራስዎ ጉዳይ ነውና ማንም አይከለክልዎትም። ከሁሉ በፊት የሚፈልጉት መጥሪያውን ያደረሰው ሰው የሞላውን ወረቀት ነው። የት አድራሻ፣ በስንተኛው ቀን፣ ለማን ሰጠሁ ይላል? በዚያ ቀን እዚያ ቤት እንደማይኖሩ የሚያሳይ የኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል ካለዎት ፍርዱ እንዲነሳ አቤቱታ ማቅረቢያ መሠረት አለዎት። በሜሪላንድ ፍርዱ በተሰጠ በ30 ቀናት ውስጥ የሚቀርብ አቤቱታ ሰፊ በር አለው፤ ከዚያ ካለፈ በሩ ይጠባል፣ ማጭበርበር ወይም የአሠራር ጉድለት መኖሩን ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። ስለዚህ «ሥራ ሲያርፈኝ እሄዳለሁ» አይሠራም።

ሌላም ነገር ይመልከቱ፤ ተከሳሹ በእርግጥ እርስዎ ነዎት? የአባት ስም እዚህ አገር እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመዘገብ፣ የእኛም ስሞች ስለሚደጋገሙ፣ በአንድ ካውንቲ ውስጥ በስምና በአባት ስም አንድ የሆኑ ብዙ ሰዎች ይገኛሉ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለትና ሦስት ዓይነት ተጽፎ ሲገኝ ደግሞ ይበልጥ ይደባለቃል። የትውልድ ቀኑንና የሶሻል ሴኩሪቲውን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ያነጻጽሩ። ካልገጠሙ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ በስልክ «እኔ አይደለሁም» ማለት መዝገቡ ላይ አይጻፍም።

መጥሪያ ደርሶኛል፤ ዕዳው የእኔ ነው። ቀርቤ ምን እላለሁ?

ብዙ የሚባል ነገር አለ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው ብሂል ለዚህ ቦታ አልተነገረም፤ እዚህ ዝም ያለ ሰው የተጻፈበትን ሁሉ እንዳመነ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሳሹ ማን ነው የሚለው ነው። ብዙ የካርድ ዕዳ ከባንኩ በርካሽ ተገዝቶ፣ ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው ተላልፎ የመጣ ነው። ሰምተውት የማያውቁት ኩባንያ ከከሰሰዎት፣ ዕዳው ከባንኩ ወደ እሱ እጅ እንዴት እንደደረሰ የሚያሳይ ሰነድ እንዲያቀርብ ይጠይቁ። ሁለተኛው መጠኑ ነው። 3,000 ዶላር ያወጡበት ካርድ 7,000 ሆኖ ከመጣ ወለዱና ቅጣቱ እንዴት እንደተሰላ የማየት መብት አለዎት።

ሦስተኛው ይርጋ፣ ማለትም ዕዳው በክስ ሊጠየቅ የሚችልበት የጊዜ ገደብ ነው። በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት፣ በቴክሳስ 4፣ በቨርጂኒያ ለጽሑፍ ውል 5፣ በሚኒሶታ 6 ዓመት ነው። ጊዜው በአብዛኛው የሚቆጠረው መክፈል ካቆሙበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ዳኛው ግን በራሱ አያነሳልዎትም፤ «በይርጋ ታግዷል» ብለው መቃወም ያለብዎት እርስዎ ነዎት። በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ በአንዳንድ ግዛቶች አሮጌ ዕዳ ላይ ትንሽ ገንዘብ መክፈል ይርጋውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ደዋዩ «ለቅን ልቦናዎ ማሳያ 20 ዶላር ብቻ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀነ ገደቡ እንደየቦታው ነው። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት ከመጥሪያው ጋር የሚመጣውን የመከላከያ ማሳወቂያ ቅጽ በ15 ቀናት ውስጥ ይመልሳሉ። በቴክሳስ ጀስቲስ ኮርት መልስ የሚሰጠው በ14 ቀናት ነው። በቨርጂኒያ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቀን መቅረብ ነው፤ የወረቀቱ ስም «ዋረንት ኢን ዴት» መሆኑ አያስደንግጥዎ፣ የእስር ማዘዣ አይደለም። በሚኒሶታ ክስ ፍርድ ቤት ሳይመዘገብ በፊት መጥሪያው ለተከሳሽ ሊደርስ ይችላል። ወረቀቱ ላይ የመዝገብ ቁጥር የለም፣ ፍርድ ቤት ሲደወልም «እንዲህ ያለ ጉዳይ የለንም» ይባላል፤ ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ወረቀቱን ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጥለዋል። እውነተኛ ነው፣ መልስ የሚሰጥበት 21 ቀንም እየተቆጠረ ነው።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ከመግባቱ በፊት የከሳሹ ጠበቃ ኮሪደር ላይ ሊያነጋግርዎ ይችላል። ትሑት ነው፣ ፈገግ ይላል፣ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ፍርዱን ተስማምተው የሚቀበሉበት ነው፤ አንድ ወር ክፍያ ቢያልፍዎ በቀጥታ ወደ ደመወዝዎ ያመራል። ያልገባዎትን አይፈርሙ። አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ከቀጠሮው ቀን አስቀድመው ይጠይቁ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማምጣት አያስፈልግም፤ ልጁም የወላጁን ዕዳ ለዳኛ ማስተርጎም አይገባውም።

ስንት ነው የሚቆረጥብኝ?

የፌዴራሉ ሕግ ጣሪያ አስቀምጧል፦ ከሚቆረጥ ገቢዎ 25 በመቶ፣ ወይም የሳምንት ገቢዎ ከ217.50 ዶላር በላይ ያለው ክፍል፣ ከሁለቱ ያነሰው። 217.50 የመጣው የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7.25 በ30 ተባዝቶ ነው። ክፍያው ከ2009 ጀምሮ ስላልተነካ ይህም ቁጥር አልተነካም።

«የሚቆረጥ ገቢ» ማለት ግብር፣ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ከወጡ በኋላ የሚቀረው ነው። የጤና መድን፣ የጡረታ ቁጠባና የመሳሰሉት በፈቃድ የሚቀነሱት በአብዛኛው ከሒሳቡ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ቤት ይዘው ከሚገቡት ገንዘብ ጋር ሲያስተያዩት ከ25 በመቶ በላይ ተቆርጦ ሊታይዎት ይችላል።

ግዛቶች ከዚህ የተሻለ ጥበቃ ማድረግ ይችላሉ፣ አድርገዋልም። አንዲት አረጋውያንን የምትንከባከብ ሠራተኛ በሳምንት 550 ዶላር የሚቆረጥ ገቢ አላት እንበል። በፌዴራሉ ስሌት ብቻ ቢሆን 137.50 ይወሰድባት ነበር። ሜሪላንድ የግዛቱን ዝቅተኛ ክፍያ 15 ዶላር በ30 አባዝቶ 450 ዶላር ስለሚጠብቅላት የሚወሰደው 100 ነው። ቨርጂኒያ 12.41 በ40 ያባዛል፤ 496.40 ተጠብቆ 53.60 ይወሰዳል። ዲሲ 17.95 በ40 አባዝቶ 718 ዶላር ስለሚጠብቅ ምንም አይነካባትም። ያው ሴት፣ ያው ሥራ፣ አንድ ድልድይ መሻገር ብቻ። ገቢዋ 1,000 ዶላር ቢሆን ግን በሜሪላንድም በቨርጂኒያም 250 ይቆረጥባታል። ጥበቃው በዋናነት የሚረዳው ዝቅተኛ ተከፋዩን ነው።

የአሠሪዎ የደመወዝ ክፍል ሊሳሳት ይችላል፤ በተለይ ድርጅቱ በሦስቱም ቦታ ሠራተኛ ካለው። በቼክዎ ግርጌ ካሉት ቁጥሮች ጋር ራስዎ አስልተው ያመሳክሩ፤ ካልገጠመ በጽሑፍ ያሳውቁ።

በሁለት ካርዶች ተፈርዶብኛል። ሃምሳ በመቶ ሊወስዱ ነው?

አይደለም። 25 በመቶው ለሁሉም ተራ ገንዘብ ጠያቂዎች በአንድነት የተቀመጠ ጣሪያ ነው። ሁለተኛው ወረፋ ይጠብቃል። የልጅ ማሳደጊያ እየተቆረጠብዎ ከሆነና እሱ ብቻውን 25 በመቶውን ከሞላ ለካርዱ የሚተርፍ የለም።

ቴክሳስ ደመወዝ አይቆረጥም ይባላል። እውነት ነው?

ለካርድ ዕዳ እውነት ነው። ፔንሲልቬንያ፣ ሰሜን ካሮላይናና ደቡብ ካሮላይናም በአመዛኙ እንዲሁ ናቸው። ነገር ግን ቴክሳስ ውስጥ ደመወዙ ባንክ ሒሳብዎ ውስጥ ከገባ በኋላ ተራ ገንዘብ ይሆናል፣ ፍርድ ያለው ሰውም ሒሳቡን ማሳገድ ይችላል። «እዚህ ምንም አያመጡም» ብሎ መጥሪያ መጣል ያስከፍላል።

ታክሲና ኡበር ነው የምነዳው፤ አሠሪ የለኝም።

ደመወዝ የሚቆርጥልዎት ስለሌለ ከሳሹ ዓይኑን የሚጥለው ባንክ ሒሳብዎ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ይብሳል፤ ከደመወዝ 25 በመቶ ሲወሰድ ከሒሳብ ግን ያለው በሙሉ ሊታገድ ይችላልና። የመኪና ክፍያና ኢንሹራንስ ከዚያው ሒሳብ የሚወጣ ከሆነ በአንድ ጠዋት ሥራውም ይቆማል። ቀጣዩን መልስ በጥንቃቄ ያንብቡ።

ባንክ ሒሳቤ ታግዷል። የማደርገው አለ?

አለ፣ ነገር ግን ጊዜው አጭር ነው። በሜሪላንድ ከእገዳው በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካመለከቱ እስከ 6,000 ዶላር ድረስ ነፃ ማስደረግ ይችላሉ። በቨርጂኒያ 5,000 ዶላር ነው፤ ዕድሜዎ 65 ከሆነ ወይም ካለፈ 10,000። ሁለቱም የሚገኙት ለጠየቀ ሰው ነው።

የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታና ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ) በካርድ ዕዳ አይያዙም። በቀጥታ ወደ ሒሳብ የሚገቡ ከሆነ ባንኩ የሁለት ወር መጠኑን ያለ ማመልከቻ መጠበቅ ግዴታው ነው። ለእናትዎ ወይም ለአባትዎ የሚመጣው ጡረታ ከእርስዎ ገንዘብ ጋር በአንድ ሒሳብ እንዳይቀላቀል ያድርጉ፤ ለብቻው ሲቀመጥ ክርክር የለውም።

ከባለቤትዎ ጋር የጋራ ሒሳብ ካለዎትና ፍርዱ በአንዳችሁ ስም ብቻ ከሆነ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የባልና ሚስቱ የጋራ ሒሳብ ለአንዱ ዕዳ አይያዝም። ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር የተከፈተ የጋራ ሒሳብ ግን ይህ ከለላ የለውም።

እቁብ ደግሞ አለ። የእቁቡ ሰብሳቢ የአባላቱን መዋጮ በራሱ ሒሳብ ካስቀመጠና እሱ ላይ ፍርድ ካለ፣ ባንኩ የማን ገንዘብ እንደሆነ ሳይጠይቅ ሁሉንም ያግዳል። አባላቱ ገንዘቡ የእነሱ መሆኑን ለፍርድ ቤት ማስረዳት ይኖርባቸዋል፤ ማስረጃው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእርሳስ የተጻፈ ደብተር ነው። የእቁቡን ሰብሳቢነት ለመቀበል የተጠየቀ ሰው ፍርድ እንዳለበት ካወቀ ይሉኝታውን ትቶ «ሌላ ሰው ይያዘው» ማለት አለበት።

አሠሪዬ በዚህ ምክንያት ሊያባርረኝ ይችላል?

ለአንድ ዕዳ ብሎ ማባረር በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፤ ሆን ብሎ የጣሰ አሠሪ እስከ 1,000 ዶላር መቀጮና እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊያገኘው ይችላል። ለሁለተኛ ዕዳ ሌላ ትእዛዝ ሲመጣ ግን የፌዴራሉ ከለላ ያበቃል።

እታሰራለሁ? ግሪን ካርዴስ?

በካርድ ዕዳ እስር የለም፤ ያልተከፈለ ካርድ ከአገር ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም፣ ዜግነትም በዚህ ብቻ አይከለከልም። በማጭበርበር የወንጀል ክስ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ዕዳ ሰብሳቢ በስልክ «ሸሪፍ ዛሬ ይመጣል» ወይም «ለኢሚግሬሽን እናሳውቃለን» ካለዎት ሕግ ጥሷል፤ በስጦታ ካርድ ክፈሉ ካለ ደግሞ ዕዳ ሰብሳቢም አይደለም፣ ሌባ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከፍርዱ በኋላ ፍርድ ቤቱ ስለ ገቢዎና ንብረትዎ ቀርበው እንዲያስረዱ ሊያዝዎት ይችላል። ያንን ትእዛዝ ደጋግሞ ችላ ያለ ሰው ላይ የመያዣ ማዘዣ ይወጣል። የሚያዘው በዕዳው ሳይሆን ፍርድ ቤቱን ባለማክበሩ ነው፤ በር ላይ ለሚያንኳኳው ፖሊስ ግን ልዩነቱ ብዙም አይደለም።

ዕዳዬን በግማሽ እናስጨርሳለን የሚሉ ድርጅቶች አሉ። ልግባ?

ተደዋውሎ የሚሸጥ እንዲህ ያለ አገልግሎት ዕዳውን ሳያስቀንስ አስቀድሞ ክፍያ መቀበል ከ2010 ጀምሮ ተከልክሏል። አስቀድሞ የሚጠይቅ ካለ ንግግሩን እዚያ ላይ ያቁሙ። ሕጋዊዎቹም ቢሆኑ ለካርዶቹ መክፈል እንዲያቆሙ ይመክራሉ፤ ገንዘቡ እስኪጠራቀም ባንኩ ሊከስዎት ይችላል።

ድርድሩን ራስዎ ማድረግ ይችላሉ። ደመወዝ መቆረጥ ከጀመረም በኋላ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ካለዎት ከሳሹ የሚቀንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ እጅዎ ሳይገባ ግን ሳንቲም አይላኩ። ከተተወልዎት ዕዳ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነው ለግብር መሥሪያ ቤት እንደ ገቢ ሊነገር እንደሚችልም ይወቁ፤ ዕዳዎ ከንብረትዎ የሚበልጥ ከነበረ ከግብሩ የሚድኑበት ቅጽ አለ። የጡረታ ቁጠባዎን አውጥቶ ለካርድ መክፈል ግን ሳያማክሩ አይደረግም። በአሠሪ በኩል ያለ የጡረታ ገንዘብ ከሳሾች የማይነኩት ነው፤ ማንም ሊወስድብዎት የማይችለውን ገንዘብ በእጅዎ አውጥተው መስጠት ይሆናል።

ባንክራፕሲ (ዕዳን በፍርድ ቤት ማሰረዝ ወይም በዕቅድ መክፈል) ነውር አይደለም ወይ?

ሕግ ነው። ማመልከቻው በገባበት ቅጽበት ለካርድ ዕዳ የሚደረገው ቆረጣ ይቆማል። ምዕራፍ 7 የሚባለው የካርድ ዕዳን በወራት ውስጥ ይሰርዛል፤ የፍርድ ቤቱ ክፍያ 338 ዶላር ነው፣ በየጊዜው ከፋፍሎ መክፈልም ይቻላል። ምዕራፍ 13 ከ3 እስከ 5 ዓመት በዕቅድ የሚከፈልበት ነው። በክሬዲት ታሪክ ላይ የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 7 ዓመት ይቆያል። ከማመልከቻው በፊት በነበሩት 90 ቀናት ከ600 ዶላር በላይ ተቆርጦብዎ ከሆነም ማስመለስ የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ጠበቃውን ይጠይቁት።

የእኛ ሰው የሚሰናከልባቸው ነገሮች ግን አሉ። ከማመልከቻው በፊት «የወንድሜን ገንዘብ ልመልስ» ብሎ መክፈል አንዱ ነው፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለን ዕዳ የባንክራፕሲ ጉዳዩን የሚይዘው ባለአደራ (ትረስቲ) ከወንድምዎ ላይ ሊያስመልስ ይችላል። ከካርድ በጥሬ አውጥቶ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ወደ አገር ቤት መላክ ሌላው ነው፤ ባለፉት 70 ቀናት የወጣ ከፍ ያለ ገንዘብ እንደ ማጭበርበር ሊቆጠርና ሳይሰረዝ ሊቀር ይችላል። እቁብም መነገር አለበት፤ ገና ያልወጣልዎት ከሆነ ንብረት ነው፣ ወጥቶልዎት መዋጮው ከቀረ ዕዳ ነው። አዲስ አበባ በስምዎ ያለ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም እንዲሁ ይጻፋል። ቅጹ የሚፈረመው በመሐላ ነው።

ሥራ ብቀይር ወይም ኢትዮጵያ ብገባ ያበቃል?

ሥራ ሲቀይሩ ትእዛዙ ከአሮጌው አሠሪ ጋር ይቀራል፤ ከሳሹ አዲሱን እስኪያገኝ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ቢገቡም ፍርዱ አይጠፋም፤ በሜሪላንድ 12 ዓመት ይቆያል፣ ሊታደስም ይችላል፣ ወለድም ይጨምራል።

የሕግ እርዳታ የት ይገኛል?

ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ በሜሪላንድ ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ሊጋል ሰርቪስስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ፣ በዲሲ ሊጋል ኤይድ ዲሲ ያለ ክፍያ ያግዛሉ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የራሳቸው የእርዳታ ማእከሎች አሏቸው፤ ገቢ ሳይጠየቅ ማንም ሰው ከጠበቃ ጋር መነጋገር ይችላል። ሲሄዱ መጥሪያውን፣ የቆረጣውን ትእዛዝ፣ የቅርብ ጊዜ ቼኮችንና የባንክ መግለጫዎችን ይያዙ። ያልተከፈቱትን ፖስታዎችም ጭምር።

ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ ግን አሁንም ይቆረጣል።

ከሳሹ ዕዳው ተከፍሎ ማለቁን ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ አሠሪዎ በራሱ ፈቃድ ማቆም አይችልም። ከደመወዝ ክፍል እስካሁን የተላከውን ጠቅላላ ሒሳብ ይጠይቁ፣ ከፍርዱ፣ ከወለዱና ከወጪው ጋር ያስተያዩ፣ ለከሳሹ ጠበቃ በሪኮማንዴ ደብዳቤ ይላኩ። ካልመለሰ ራስዎ ለፍርድ ቤቱ ያመልክቱ። በትርፍ የተወሰደው እንዲመለስልዎት የሚጠይቁትም በዚያው ማመልከቻ ነው።